ከመድኃኒት ቤት ወደ ጦር ሰፈር፦ ስደተኛው ፋርማሲስት ስለምን ወታደር ይሆናል?

አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ ውስጥ ጥሩ ፋርማሲስት ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። ልጅ ያተኮሰባት እናት፣ የስኳር መድኃኒቱ ያለቀበት አባት፣ ከሙዝ እርሻ ሲመለስ እጁን የቆረጠው ወጣት ሐኪም ፊት ከመድረሳቸው በፊት እሱ ዘንድ ይደርሳሉ። መቀሱን አንስቶ ከእሽጉ ላይ የሚበቃውን ያህል ፍሬ ይቆርጣል። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ «ጠዋት 1፣ ማታ 1፣ ከምግብ በኋላ» ብሎ ይጽፋል፤ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ ሁለት ጊዜ በቃል ይደግምለታል። ገንዘብ ያጠረውን «ነገ ታመጣለህ» ብሎ ይሸኘዋል። እንዲህ ያለ ሰው ነው ዲቪ ደርሶት፣ ወይም ጥገኝነት ጠይቆ፣ ወይም ከትዳር ጓደኛው ጋር ተጠቃልሎ አሜሪካ የሚገባው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዕድሜው ወደ 40 ሲጠጋ የውትድርና ልብስ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ ለዘመድ ይደርሳል።

ፎቶግራፉ ቤተሰቡን ለሁለት ይከፍላል። አንዱ ወገን «ጀግና!» ይላል። ሌላው «ያን ሁሉ የተማረው ለዚህ ነው እንዴ?» ብሎ ያዝናል። ሁለቱም ፍርዶች የተቸኮሉ ይመስሉኛል። ትልቅ ሰው ሙያውን አስቀምጦ ከ18 ዓመት ልጆች ጋር የሚሰለፈው ጀብዱ አምሮት አይደለም፤ ወድቆ ወይም ተዋርዶም አይደለም። ዕውቀቱ ሳይቆጠርለት የቀረ ሰው ክፍት ሆኖ ባገኘው በር መግባቱ ነው። ስለዚህ መመርመር ያለብን የሰውየውን ልብ ሳይሆን በሮቹን ነው፤ የትኛው ተዘጋ፣ የትኛው ተከፈተ፣ በተከፈተውስ ለመግባት ምን ይከፈላል?

የተዘጋው በር

አሜሪካ ውስጥ በፋርማሲስትነት ለመሥራት የውጭ አገር ምሩቅ የሚያልፍበት መንገድ ረጅም ነው። መጀመሪያ የትምህርት ማስረጃው ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መላክ አለበት። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2003 ወዲህ የተመረቀ ሰው ቢያንስ የአምስት ዓመት የፋርማሲ ሥርዓተ ትምህርት ማጠናቀቁን ማሳየት ይጠበቅበታል። በአራት ዓመት ፕሮግራም የተመረቀ ገና ከበሩ ላይ ይመለሳል፤ አሥር ዓመት የሠራ ይሁን ሃያ፣ ልምዱ የጎደለችውን ዓመት አይሞላለትም።

ይህን ያለፈ ሰው የውጭ ምሩቃን የአቻነት ፈተና ይቀመጣል። ፈተናው ከመድኃኒት ሳይንስና ከክሊኒካል ዕውቀት በተጨማሪ የአሜሪካን የጤና አስተዳደር፣ የኢንሹራንስ አሠራርና የሥነ ምግባር ደንብ ይጠይቃል። የወባ መድኃኒት መጠን በቃሉ የሚያውቅ የአርባ ምንጭ ባለሙያ፣ አይቶት ስለማያውቀው የኢንሹራንስ ሥርዓት ሲጠየቅ ነው የሚቸገረው። ቶፍል የተባለ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናም አለ፤ በተለይ የንግግሩ ክፍል ብዙዎችን ደጋግሞ ይጥላል። ሁሉን ያለፈ ደግሞ መጠኑ እንደየግዛቱ የሚለያይ፣ ብዙ ጊዜ 1,500 ሰዓት ገደማ የሆነ የተለማማጅነት ሥራ ይሠራል። ናፕሌክስ የተባለውን ዋናውን የፈቃድ ፈተናና የግዛቱን የመድኃኒት ሕግ ፈተና የሚቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ደንቡ ያለ ምክንያት አልወጣም። መድኃኒት የሰው ሕይወት ነው፤ የትኛውም አገር ሕዝቡን የሚጠብቅበትን ማጣሪያ ማዘጋጀቱ ተገቢ ነው። ችግሩ ማጣሪያው ላይ ብቻ አይደለም፤ ማጣሪያው በሚወስደው ጊዜ ውስጥ ሰውየው የቤት ኪራይ መክፈል አለበት። አርባ ምንጭ ላሉት እናቱ ብር መላክ አለበት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ስለዚህ ቀን ፓርኪንግ ይሠራል፣ ሌሊት መጋዘን ይገባል፣ ዕድል የቀናው በፋርማሲ ቴክኒሺያንነት ይቀጠራል። የፈተናው መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አቧራ ይጠጣል። ሁለት ዓመት አምስት፣ አምስቱ ስምንት ይሆናል። አንድ ቀን ግን የውትድርና መልማይ ቢሮ ደጃፍ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ቆም ብሎ ያነባል።

የተከፈተው በር

የአሜሪካ ጦር የሚዋጋለትን ሰው በዜግነት ብቻ አይመርጥም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በተራ ወታደርነት መቀጠር ይችላል። ዕድሜም ቢሆን ብዙዎቻችን እንደምናስበው የታጠረ አይደለም። ምድር ጦሩ በኢራቅ ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ የመግቢያ ጣሪያውን ወደ 42 ዓመት ከፍ አድርጎት ነበር፤ በ2011 ወደ 35 መለሰው። ባሕር ኃይሉ በ2022 ጣሪያውን 41፣ አየር ኃይሉ በ2023 42 አድርገውታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወጣቱ አልመጣላቸውም። ምድር ጦሩ በ2022 የበጀት ዓመት 60,000 አዲስ ምልምል ፈልጎ 15,000 ያህል ጎድሎበታል። ጦር ሰው ሲያጣ ቀድሞ ዞር ብሎ ያላያቸውን ትልልቅ ስደተኞች ማየት ይጀምራል።

አማርኛ ራሱ የመግቢያ ካርድ የሆነበት ጊዜም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ማቭኒ የተባለ የሙከራ ፕሮግራም ተጀመረ። ሐሳቡን ያመነጩት የሕግ ባለሙያዋ ሌተና ኮሎኔል ማርጋሬት ስቶክ ናቸው። ፕሮግራሙ ግሪን ካርድ የሌላቸውን ግን በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ሰዎችን፣ ተማሪውንም ጥገኝነት ያገኘውንም፣ ለጦሩ ጠቃሚ ቋንቋ ከተናገሩ ወይም የተፈለገ የሕክምና ሙያ ካላቸው ይቀበል ነበር። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ ይገኝበታል። በዚህ በር ከ10,000 በላይ ሰዎች ገብተዋል፤ ከእነሱ አንዱ የኔፓል ተወላጁ ሳራል ሽሬስታ በ2012 የምድር ጦሩ የዓመቱ ምርጥ ወታደር ተብሎ ተሸልሟል። በ2016 ፕሮግራሙ ሲቆም ግን ፈርመው ሥልጠና የሚጠብቁ ብዙ ስደተኞች መሐል መንገድ ላይ ቀሩ፤ አንዳንዶቹ ጥሪ ሲጠብቁ የመኖሪያ ፈቃዳቸው አለቀባቸው። የተከፈተ በር ተመልሶ ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ወደ ፋርማሲስታችን እንመለስ። የዕድሜ ጣሪያው ካልከለከለው፣ ዲግሪ ስላለው ምድር ጦሩ ውስጥ ስፔሻሊስት በሚባለው ማዕረግ ይጀምራል። አሥር ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና ይወስዳል፤ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፣ ጓዙን ተሸክሞ ይሮጣል፣ ልጁ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ ከጎኑ ይተኛል፣ በዕድሜ የሚያንሰው አሠልጣኝ ይጮህበታል። ከዚያ ወደ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ፣ ይላካል። የጦሩ የፋርማሲ ረዳቶች የሚሠለጥኑት እዚያ ነው። መድኃኒት ቆጠራ እንደ አዲስ ይማራል። በአገሩ የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ የነበረ ሰው በመኮንን ሥር ሆኖ ፍሬ ይቆጥራል፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው የመኮንንነት ማዕረግ አያገኝምና።

ታዲያ ምን አገኘ ቢባል፣ ያገኘው ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2001 ጥቃት ወዲህ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት በጦሩ ውስጥ በክብር የሚያገለግል ስደተኛ ሌላው የሚጠብቀውን አምስት ዓመት ሳይጠብቅ፣ የማመልከቻ ክፍያም ሳይከፍል ለዜግነት ማመልከት ይችላል። ቤተሰቡ የሕክምና ዋስትና ያገኛል። በቂ ጊዜ ያገለገለ ደግሞ ለ36 ወራት ትምህርት የሚሆን ክፍያ ይሰጠዋል። በዚህ ገንዘብ የፋርማሲ ዶክትሬቱን መማር፣ ዜግነቱን ይዞ በፋርማሲ መኮንንነት መመለስ የሚችልበት ዕድል አለ። ሲቪሉ ዓለም የነፈገውን ጊዜና ገንዘብ ጦሩ ይሰጠዋል፤ በሕይወቱ መያዣነት። ምርጫው ሞኝነት ያልሆነው ለዚህ ነው።

ታሪክ የሚያውቃቸው ሰዎች

ይህ ሰው በታሪክ የመጀመሪያው አይደለም። አሜሪካ አገር ሆና ከመቆሟ በፊት የነበረው ሂዩ መርሰር ምሳሌ ይሆነናል። ስኮትላንዳዊው መርሰር አበርዲን ላይ ሕክምና ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1746 በከሎደን ጦርነት ከተሸነፈው ወገን ጋር በሐኪም ረዳትነት ተሰልፎ ስለነበር ሸሽቶ በማግሥቱ ዓመት ፔንስልቬንያ ገባ። ዛሬ ቢሆን የፖለቲካ ጥገኛ እንለው ነበር። ኋላ ፍሬድሪክስበርግ በምትባል የቨርጂኒያ ከተማ መድኃኒት ቤት ከፈተ፤ ከታካሚዎቹ አንዷ የጆርጅ ዋሺንግተን እናት ነበሩ። የነፃነት ጦርነቱ ሲጀመር 50 ዓመት ሊሞላው ተቃርቦ ነበር። መድኃኒት ቤቱን ትቶ ዘመተ፣ ብርጋዴር ጄኔራል ሆነ፤ ጥር 1777 ፕሪንስተን ላይ በሳንጃ ተወግቶ ከዘጠኝ ቀን በኋላ አረፈ። መድኃኒት ቤቱ ዛሬም በሙዚየምነት ይጎበኛል። አሜሪካኖች በስሙ አውራጃዎችን ሰይመውለታል።

የእኛም ታሪክ ባዶ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ነቀምቴ ላይ የጥቁር አንበሳ ማኅበር ሲቋቋም፣ መሪ ሆነው የተመረጡት ብሪታንያ የተማሩት የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ናቸው። የማኅበሩ አባላት በሰኔ ወር ቦነያ ላይ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖችን አቃጠሉ። የማኅበሩ ደንብ ወታደሩ ለሲቪል አመራር እንዲገዛ፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛ እንዳይንገላታ ያዝዝ ነበር። የማዳን ሙያ የተማረ ሰው ጦር ሲመራ መግደልን ብቻ ይዞ እንደማይሄድ ይህ ደንብ ይመሰክራል። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃም ከአሜሪካኖች ጎን ተዋግቷል፤ አንድም ሰው አላስማረከም። የቃኘው ልጆች የሞቱት ግን በራሳቸው ባንዲራ ሥር ነው። የዛሬው ፋርማሲስት ከእነሱ የሚለይበት ነጥብ ይኼ ነው።

የጉዞው አቅጣጫ ተቃራኒ የነበረበትንም ዘመን እናስታውስ። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ዘመናዊ መድኃኒት ቤት እ.ኤ.አ. በ1910 የከፈተው ስደተኛ ነው፤ ከአፄ ምኒልክ ሐኪሞች አንዱ የነበረው ጆርጂያዊው ዶክተር ሜራብ። መድኃኒት ቤቱን በትውልድ አገሩ ስም ጠራው፤ ዕውቀቱ ለሥራ ዋለ፤ ስለ ኢትዮጵያም ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ጻፈ። ያኔ የውጭ ባለሙያ ከእኛ ዘንድ ሙያውን ይዞ ሲኖር የወታደር ጫማ ማሰር አላስፈለገውም። ሕግና ማጣሪያ ባልነበረበት ዘመን የሆነ ነገር መሆኑን አልዘነጋሁም። ግን ባለሙያ ሲመጣ «ምን ታውቃለህ?» ብሎ መጀመር እንደሚቻል ያሳያል።

የሚከፈለው ዋጋ

ለሲቀላ ሰው የአሜሪካ ጦር የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2015 የአሜሪካ አየር ኃይል ሰው አልባ አውሮፕላኖች ለሶማሊያ ቅኝት የሚነሡት ከአርባ ምንጭ አየር ማረፊያ ነበር። የጦሩን ክንፍ ከአባያና ከጫሞ በላይ ያየ ሕዝብ፣ ልጁ የዚያ ጦር አባል መሆኑ ምን ማለት እንደሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው።

የመጀመሪያው ዋጋ ሕይወት ነው። ኢራቅ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2003 በተወረረች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተገደሉት ባሕር ወለድ ወታደሮች አንዱ የጓቲማላ ተወላጁ ሆሴ ጉቲዬሬዝ ነበር። ዜጋ አልነበረም፤ ዜግነቱ የተሰጠው ከሞተ በኋላ ነው። ፋርማሲ ክፍል የተመደበ ወታደር ከጦር ግንባር ይርቃል ብሎ መጽናናት ይቻላል፤ የፈረመ ሰው ግን የሚላክበትን አይመርጥም።

ሁለተኛው ዋጋ አገር ነው። አዲሱ ዜጋ ለሌላ መንግሥት የነበረውን ታማኝነት እንደሚተው ይምላል። በእኛም በኩል በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው፣ ብዙ መብት ይመልስለታል፤ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይሠራል፣ ይነግዳል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠርም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ተከልክሏል። ስለዚህ የሲቀላው ልጅ አሜሪካን በወታደርነት ሊያገለግል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ አገሩን በዚሁ ሥራ ማገልገል አይችልም። ይህ መራራ እውነት በፎቶግራፉ ላይ አይታይም።

ሦስተኛው ዋጋ ብቸኝነት ነው። አርባ ምንጭ ባለችበት በጋሞ ምድር የጦርም የሰላምም ጉዳይ የሚመከረው ዱቡሻ በሚባለው የሸንጎ አደባባይ ነው፤ አባቶች ተቀምጠው፣ ሁሉም ተናግሮ፣ እርግማንና ምርቃት ታስቦ። መስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰውን ግድያ ተከትሎ የአርባ ምንጭ ወጣት በቁጣ ሲነሣ፣ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው አስቆሙት። መሣሪያ የማንሳት ውሳኔ የአንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን የሚጠብቅ ባህል ይህ ነው። ስደተኛው ግን ከሌሊት ሥራ ተመልሶ፣ ማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ብቻውን ይወስናል። ለእናቱ የሚነግራቸው ከፈረመ በኋላ ነው፤ አንዳንዱም «የመንግሥት ሥራ ይዣለሁ» ብሎ ያልፋል። ምክር ያጣ ውሳኔ የግድ ስህተት አይደለም፤ ሸክሙ ግን እጥፍ ነው።

ከእኛ የሚጠበቀው

ወደ ራሳችን ስንመለስ የመጀመሪያው በር የተዘጋው አሜሪካ ሳይሆን እዚሁ መሆኑን መካድ አይቻልም። በአገራችን የፋርማሲ የከፍተኛ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1961 ተጀምሮ ዛሬ በየክልሉ ምሩቃን ይወጣሉ፤ አርባ ምንጭም ታስተምራለች። የተመረቁት ግን ሥራ ለማግኘት ይጠብቃሉ፣ ሥራ ያገኙት በደመወዛቸው ወሩን መጨረስ ይቸገራሉ። ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከማቆም የደረሱት በዚሁ ምክንያት ነው። ቀን ሆስፒታል፣ ማታ የግል መድኃኒት ቤት እየሠራ ቤት ኪራይ የማይሞላለት ባለሙያ ዲቪ ሲሞላ «አገሩን አይወድም» ማለት ግፍ ነው። አገሩን የሚወድ ሰው በአገሩ መኖር የሚያስችል ደመወዝ ይገባዋል።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ደግሞ ነገ ሊያደርጉት የሚችሉት ሥራ አለ። ምሩቁ ከውጭ ሆኖ የትምህርት ማስረጃው በቀጥታ እንዲላክለት ሲጠይቅ፣ ያለ ምልልስና ያለ ወኪል በቀናት ውስጥ ይላክለት። የሥርዓተ ትምህርቱ ዝርዝርና የተማረባቸው ሰዓታት ተዘጋጅተው ይቀመጡ። አንድ ወረቀት ዓመት በዘገየ ቁጥር አንድ ባለሙያ ከሙያው ዓመት ይርቃል።

ውጭ ያሉ የኢትዮጵያ ጤና ባለሙያዎች ማኅበራትም ሆኑ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ማኅበረሰቦች ለሠርግና ለለቅሶ የሚያሰባስቡትን ጉልበት ለፈተና ዝግጅትም ያውሉት። ፈተናውን ያለፈ አንድ ፋርማሲስት በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢሰጥ፣ ዕቁብተኛው ለአንድ ተፈታኝ የስድስት ወር ኪራይ ቢያግዝ፣ ጦሩ የሚሰጠውን ጊዜ ወገን ሊሰጠው ይችላል።

ለመሄድ የምትዘጋጅ ወጣት ፋርማሲስት ከሆንክ ደግሞ ምክሬ ቀጥተኛ ነው። ሳትሳፈር ማስረጃህን አሟላ፣ የተማርከው የአምስት ዓመት መሆኑን አረጋግጥ፣ እንግሊዝኛህን እዚሁ ሳለህ አጠንክር፣ በደረስክ በመጀመሪያው ዓመት ለፈተናው ተመዝገብ። መጽሐፉ አንዴ ከተከደነ መልሶ መክፈት ከባድ ነው። ውትድርናን ከመረጥክም ምረጥ፤ ግን የመልማዩን የቃል ተስፋ ሳይሆን የውሉን ጽሑፍ አንብብ፣ የምትመደብበት ሙያ በጽሑፍ ይስፈርልህ፣ ከመፈረምህ በፊት ለቤተሰብህ ተናገር።

ለወላጆችና ለዘመዶችም አንድ ቃል አለኝ። ፎቶግራፉ ሲደርሳችሁ አትፍረዱ፤ ደውሉና እንዴት እንደሆነ ጠይቁት። የለበሰው ልብስ የሌላ አገር ነው፤ ከእሱ በታች ያለው ዕውቀት ግን ሲቀላ ላይ በሽተኛ ሲያገለግል ያካበተው ነው። ያ ዕውቀት በነጭ ጋዋን እንዲሠራበት መንገዱን ማሳጠር የመንግሥትም፣ የዩኒቨርሲቲም፣ የወገንም ግዴታ ነው።